ቶሎ የሚደርስ ጎመን

ሰው ሲቀመጥ ይቀመጣል፤ እሷ ግን ተቀምጣም ቆማ ነው። ስፌት መኪናዋ ፊት ሆና አንድ እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው፣ አንዱ እግሯ ደግሞ ሊነሳ አቆብቁቧል። የሰው ሱሪ እያሳጠረች ጆሮዋ የግቢውን በር ይጠብቃል። ለዚህ ነው የባሏ እናት «ቅልብልቢት» የሚል ስም ያወጡላት። ስሙ ከቤት ወደ ሰፈር ወጣና አሁን ደንበኞቿም «ቅልብልቢት ቀሚሴን ጨረሰችልኝ?» እያሉ ነው የሚጠይቁት። አልከፋትም። እውነት ሲሆን ምን ይደረጋል።

ታዲያ እንዲሁ በዋዛ አይደለም እንዲህ የሆነችው። ካገባች ጀምሮ የኖረችው በኪራይ ቤት ነው፤ ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ሌላው። አንዱ አከራይ ልጄን ልድርበት ነው ይላል፣ አንዱ ቤቱን ሸጬዋለሁ ይላል፣ አንዷ ደግሞ ለምክንያት እንኳ ሳትጨነቅ ልቀቁ ትላለች። በገባችበት ግቢ ሁሉ ግን አንድ ነገር ሳትተክል አትቀርም ነበር። በመጀመሪያው ቤት የዘይቱና ችግኝ ተክላ፣ ውሃ አጠጥታ፣ ከጎረቤት ፍየል ጠብቃ አሳደገችው። ሊያፈራ ሲል ልቀቁ ተባለ። ከዓመታት በኋላ በዚያ መንገድ ስታልፍ ዛፉ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ፣ የማታውቃቸው ልጆች ፍሬውን ሲገምጡ አየች። እኔ ብሆን ድንጋይ ባነሳሁ። እሷ ዝም ብላ አለፈችና እቤቷ ስትደርስ «ከእንግዲህ ቶሎ የማይደርስ ነገር አልተክልም» ብላ ማለች።

እዚህ ቤት የገቡ ጊዜ ዘር ሻጩ ጋ ሄዳ የጠየቀችው ይህንኑ ነው። ሰውየው ቀልደኛ ነው። የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች የሚበሉት ጎመን ነው ብሎ ሦስት ትንንሽ ፓኬት አወጣላት፤ ፓክ ቾይ፣ ታትሶይ፣ ሚዙና የሚል ተጽፎባቸዋል።

«ይሄ እንዳንቺው ነው እህቴ፣ መቀመጥ አያውቅም» አላት። «ዘርተሽው ወር ገደማ ቢሆነው ነው፣ ከድስትሽ ይገባል። ብቻ የቀትር ፀሐይ አታስመቺው፤ ቶሎ አብቦ ያረጅብሻል። ደግሞ ስሚኝ፣ አትንቀይው። ከበላዩ ቆርጠሽ ብይ፤ ጉቶው መሬት ከቀረ ከመሀሉ እንደገና ያወጣል።»

«እንደገና የሚያወጣውን የሚበላው ሌላ ተከራይ ነው» አለችና ፓኬቶቿን ይዛ ወጣች።

ከበሩ አጠገብ፣ ከሰዓት ጥላ በሚያርፍበት በኩል መደብ አበጀች። ዘሩን በተነች፣ አፈር አለበሰችው፣ አጠጣችው። ከዚያ መጠበቅ መጣ፤ መጠበቅ ደግሞ ለእሷ አልተፈጠረም። ገና በማግስቱ የስፌት መርፌ ይዛ መደቡ ላይ ተደፍታ አፈሩን እየጫረች ዘሩ መንቃት አለመንቃቱን ስታይ ባሏ ያዛት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሲነዳም ሲበላም ሲናገርም ዝግ ያለ ሰው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም።

«ምን እየሰፋሽ ነው?» አላት።

«እያየሁት ነው።»

«አንቺ እያየሽው እንዴት ልብሱን ይልበስ? ዞር በይለት እንጂ።»

ዘሩ እሷ እያየችውም ወጣ። ስሙ ለአፍ አልመች ስላላት ሌላ ስም አወጣችለት። ወፍራም ነጭ አገዳ ያለውን «ነጭ እግር» አለችው፤ መሬት ላይ ክብ ሆኖ የሚዘረጋውን «ሳህኔ»፤ ቅጠሉ የተበጣጠሰውን «ጨብራሬ»።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የባሏ እናት፣ እሷም ሰፈሩም እማማ የሚሏቸው፣ ዓይናቸው በየቤቱ እየተንጠባጠበ ነው ያለቀው። በአንዱ ቤት የመርፌ ቀዳዳ ጠፋቸው፣ በሚቀጥለው የሰው ፊት፣ እዚህ ሲገቡ ብርሃኑ ራሱ። መጀመሪያ ላይ ከአልጋቸው አይነሱም ነበር። ከዚያ ቀስ እያሉ ቤቱን በእጃቸው አጠኑት። ከአልጋው ወንበሩ፣ ከወንበሩ ቁም ሳጥኑ፣ ከቁም ሳጥኑ በሩ። የስፌት መኪናው ድምፅ ደግሞ ሳሎኑ በየት በኩል እንደሆነ ይነግራቸዋል። ይኸው አሁን ማንም ሳይዛቸው ውጭ ይወጣሉ፣ ይታጠባሉ፣ ከዚያም መጥተው ከምራታቸው አጠገብ ተቀምጠው ለትራስ መሙያ የሚሆን ቁርጥራጭ ጨርቅ ይለያሉ። የጨርቁን ጠርዝ በጣታቸው ዳበስ አድርገው «ይሄን በጥርሳሙ ነው የቆረጥሽው» ይሏታል። ጥርሳሙ የሚሉት ጨርቅ እንዳይተረተር ጠርዙን ጥርስ ጥርስ አድርጎ የሚቆርጠውን መቀሷን ነው። ተሳስተውም አያውቁ።

አንድ ቀን ታዲያ ጨርቁን እየለዩ፣ የሌላ ሰው ወሬ የሚያወሩ መስለው እንዲህ አሏት።

«ልጄ፣ ይሄን ቤት አጥንቼዋለሁ። ሌላ ቤት ግን ማጥናት አልችልም፤ ጉልበቱም የለኝ። ከዚህ ካነሳችሁኝ በተቀመጥኩበት ነው የምቀረው። አትዘኑብኝ፣ አላስቸግራችሁም።»

«ማን ያነሳናል እማማ» አለች። አፏ እንዲያ አለ እንጂ ሆዷ ሌላ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር የያዘችውን ጨርቅ ጥላ ትነሳለች።

እማማ ግን የፈለጉትን ተናግረው ቀለላቸው። ጠዋት ጠዋት መደቡ ዳር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቅጠሉን አንድ በአንድ እየዳበሱ ወሬ ያቀብላሉ። «ነጭ እግርሽ ጉልበት አወጣ። ሳህኔ ትናንት ስንዝር አይሞላም ነበር፣ ዛሬ አለፈ። ጨብራሬን ግን አንድ ነገር እየበላው ነው፣ እይው እስቲ።» ስታየው እውነትም ትል። የፊታችን እሁድ ይቆረጣል ተባባሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን በእጇ የተከለችውን፣ በተከለችበት ግቢ ሆና ልትበላ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ከተናገሩት ይከለከላል ብላ ነው።

ሐሙስ ቀን በሩ ተንኳኳ። አንድ ሰውዬ ሜትር በእጁ፣ ቀይ ቀለም በኪሱ ይዞ «አከራይዋ ልከውኝ ነው» ብሎ ገባ። ከግቢው በር እስከ መስኮቱ ለካ። ግድግዳው ላይ ቀይ መስመር አሰመረ። ቀጥሎ መደቡን በጫማው ጫፍ እያሳየ «ይሄ ይነሳል» አለ። «ነገ ጠዋት ከሰዎች ጋር እመጣለሁ።» ሄደ።

እናንተ ብትሆኑ «ምን ልትሠሩ ነው?» ብላችሁ ትጠይቁ ነበር። እሷ አልጠየቀችም። እነሱ ቤት ሕግ አለ፣ አከራይ አይጠየቅም። የጠየቀ መልስ ያገኛል፤ ያልጠየቀ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይተርፈዋል ይላሉ። ደግሞ ሌላ ሕግ አለ፣ ከዚህኛው የባሰ። አንድ ጊዜ ጠዋት በሰዎች ተገፍተው፣ ፍራሻቸው መንገድ ላይ ተጥሎ፣ እማማ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚው ሲያያቸው ዋሉ። ያን ቀን ቅልብልቢት «ሁለተኛ አስወጧቸው አይባልም፣ ወጡ ይባላል» አለች። ስለዚህ ስልኳን አንስታ የደወለችው ለአከራይዋ ሳይሆን ለባሏ ነው።

«መኪናውን ይዘህ ና።»

«እሺ» አለ ሹፌሩ። እሱም አልጠየቀም፤ የዚያው ቤት ሰው ነው።

የእነዚህን ሰዎች ዕቃ አስተሳሰር ብታዩ ትገረሙ ነበር። ካርቶኖቹ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ታጥፈው ነው የሚኖሩት፤ ተጥለው አያውቁም። ሳህን በፎጣ፣ ድስት በድስት ውስጥ፣ ክር በከረጢት፣ ስፌት መኪና በብርድ ልብስ። እሷ ታስራለች እሱ ያወጣል፣ አፍ ለአፍ አይነጋገሩም። እማማ ምሳ በልተው ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። «እሳቸውን መጨረሻ ላይ» አለች ቅልብልቢት በሹክሹክታ፤ ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ ናቸው። ወንበሩ ወጣ፣ ቁም ሳጥኑ ወጣ።

ከዚያ ወደ መደቡ ሄደች። ለማን ትቼው ነው አለች በሆዷ። ሳህኔን ጎትታ ከነሥሩ ነቀለችው፣ ጨብራሬን በእፍኝ በእፍኝ። ነጭ እግር ግን መሬቱን ጨምድዶ አልነቀል አላት። እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ብትሰድ ሌላው ሁሉ ታስሮ የቀረው ጥርሳሙ መቀስ ብቻ ነበር። በሱው ከመሬቱ ከፍ አድርጋ ቸብ ቸብ እያደረገች ሳፋ ውስጥ ወረወረችው። እያለቀሰች ነበር። ስታለቅስም እጇ አላረፈም።

ከቤት ውስጥ ድምፅ ሰማች።

እማማ ተነስተዋል። እጃቸውን ወደ ወንበሩ ሰደዱ፣ ወንበር የለም። ሁለት እርምጃ ሄዱና ቁም ሳጥኑን ፈለጉ፣ ቁም ሳጥን የለም። ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ የስፌት መኪና የለም። ሲናገሩ የገዛ ድምፃቸው ከባዶ ግድግዳ ተመልሶ መጣባቸው። ባዶው ክፍል መሀል እጃቸውን ዘርግተው ቆመው፣ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ፣ እንዳያስቸግሩ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ደረስን እንዴ?»

ቅልብልቢት በሩ ላይ ክው ብላ ቀረች።

የሹፌሩ ስልክ የጮኸው ያኔ ነው። አከራይዋ ነበሩ። ሹፌሩ ግቢው በር ላይ ነበርና ድምፃቸው ከቅልብልቢት ጆሮ አልፎ ቤት ውስጥ እማማ ጋ አልደረሰም። «ቧንቧ ሠሪው መጣ? አስቸግሬአችሁ ይሆናል። ባለፈው ስመጣ ሚስትህ ውሃ በባልዲ ስታመላልስ አይቼ አንጀቴን በላችኝ። ጎመኗ አጠገብ ቧንቧ ላስገባላት ብዬ ነው። እኔማ ደስ ነው ያለኝ፤ የተከለ ሰው ቶሎ አይለቅም አይደል? እናንተን የመሰለ ተከራይ የት አገኛለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለ ሹፌሩ። ስልኩን ዘጋ። በመኪናው ላይ የተቆለለውን ዕቃ አየ፣ የተራቆተውን መደብ አየ፣ ሚስቱን አየ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ሊስቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው። «በቃ፣ እንመልሰው» አለ።

መለሱት። አልጋው እዚያው፣ ወንበሩ እዚያው፣ ቁም ሳጥኑም እዚያው፤ ወይም እዚያው የመሰላቸው ቦታ። ዓይን ያለው ሰው ቤቱን መች ያውቀዋል። ቁም ሳጥኑ ጥቂት ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ነበር፤ ወንበሩም ዞሮ ነበር። እማማ አንድ ጊዜ ዳበስ አደረጉና እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጥሩ ቤት ነው» አሉ። «ሰፋ ይላል።»

«እማማ፣ ያው ቤታችን እኮ ነው። አልሄድንም። ተሳስቼ ነው፣ የኔ ጥፋት ነው።»

«እሺ ልጄ።»

«እውነቴን ነው!»

«እሺ አልኩ አይደል? እንዳይከፋኝ ብላችሁ ነው፣ ይገባኛል። ልጅ ግን አይደለሁም።»

ራት ላይ ጎመኑ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ተጠብሶ ቀረበ። እማማ በሉ፣ አመሰገኑ። «ከዚያ ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ነው አይደል?» አሉ። «ጣፋጭ ነበር አፈሩ።» ይህን ሁሉ ዘመን የተመኘችው የገዛ ግቢ ጎመን ቅልብልቢትን እንጨት እንጨት አላት።

በማግስቱ ቧንቧ ሠሪው ከሰዎቹ ጋር መጥቶ ቆፈረ፣ ደበደበ፣ በቀይ መስመሩ አስገብቶ በር ላይ ቧንቧ ተከለ። የነጭ እግር ጉቶ ያለበት ጥግ ብቻ ሳይነካ ቀረ። አሁን በሩ አጠገብ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፤ አፈሩም ሌላ አፈር ሌላ አፈር ይሸታል። «ይኸው» አሉ እማማ፣ «እኛ ቤት በር ላይ ቧንቧ የት ነበር?» ከዚያ ወዲያ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እንዳሉትም አላስቸገሩም። ሲወስዷቸው ይሄዳሉ፣ ሲያስቀምጧቸው ይቀመጣሉ። ብቻቸውን አንድ እርምጃ አልተንቀሳቀሱም።

ልጃቸው ማለ። «እናቴ፣ አንቺን ልዋሽ?» «አዎ» አሉት፣ «ከሕፃንነትህ ጀምሮ።» ጎረቤቷ ተጠርታ መጥታ ምስክር ሆነች። እማማ ጉንጯን ስመው «አንቺም እዚህ ድረስ መጣሽልን? ውለታሽን ይክፈልሽ» አሏት። ምን ይደረግ? ሰው የሰማውን ካላመነ፣ በዓይኑ ካላየ፣ እጁ ደግሞ ሌላ ነገር ከነገረው በምን ታሳምኑታላችሁ?

ቅልብልቢት ሥራው ከእጇ ወጣ። የአንዱን ኮት እጅጌ ገልብጣ ሰፋችው። ወንበሩን ወደዚህ ታዞራለች፣ ቁም ሳጥኑን ወደዚያ ትገፋለች፣ ተመልሳ ታያለች፣ እንደገና ትገፋለች። «ይሄን ነው የፈራሁት» አለችው ባሏን፣ «ማንም ሳይነካን እኔው በገዛ እጄ አደረግሁት።» ሹፌሩ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ያውቀዋል፤ ግን የሚነገርበት ሰዓት አልነበረም። መደቡን አላጠጣችውም፣ ዞር ብላም አላየችው። የቧንቧው ጠብታ ብቻ እየፈሰሰ ጥጉን ያርሰው ነበር።

ሳምንት አልፎ አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ እንኳ ትንካቸው ብላ እማማን ደግፋ አወጣቻቸው። በርጩማቸውን ጉቶው አጠገብ አኖረችላቸው፤ ሌላ ያልተቆፈረ ቦታ ስላልነበረ ነው እንጂ አስባም አይደል። ከዚያ ቧንቧውን ለማጥበቅ ዞረች።

እጅ ልማዱን አይረሳም። የእማማ እጅ ሳያዙት ወደ መሬት ወረደ። መጀመሪያ አፈር አገኘ። ከዚያ የደነደነ ነገር፣ የደረቀ አገዳ። ጣታቸው በጠርዙ ዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። ከመሀሉ ለስላሳ ቅጠል ወጥቷል፤ ትንሽ፣ ገና የተጠቀለለ። ጣታቸው ግን ቅጠሉን ትቶ ወደ ጠርዙ ተመለሰ።

«አንቺ» አሉ።

«አቤት እማማ።»

«ይሄን በጥርሳሙ ነው የቆረጥሽው።»

ቅልብልቢት ባለችበት ቆመች። እማማ ቀጣዩን ጉቶ ዳበሱ፣ ሦስተኛውን ዳበሱ። ሁሉም ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ነው።

«ጨርቅ የመሰለሽ! እንዳይተረተር ነው?» አሉና ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱ። መሬቱን በመዳፋቸው ደጋግመው መታ መታ አደረጉት። «እዚሁ ነው የቆረጥሽው። እዚሁ ነው ያወጣውም።»

«እዚሁ ነው እማማ።»

እማማ በርጩማውን ተደግፈው ተነሱ። ልትይዛቸው ስትሮጥ እጇን ገፉት። «ቁም ሳጥኑን ወደ መስኮቱ አስጠግታችሁታል፤ መልሱልኝ» አሉ። «ወንበሬም ዞሯል። ለዚያ ነው እኮ» እያሉ ግድግዳውን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ወደ በሩ አቀኑ።

ቅልብልቢት እርጥቡ አፈር ላይ፣ ጉቶዎቹ አጠገብ፣ ቀሚሷን ሳታስብ ቁጭ አለች። እግሯም አልተንቀሳቀሰም። እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ከኋላቸው ጠየቀች።

«ደረስን እንዴ እማማ?»

እማማ ደፍ ላይ ቆም አሉ፣ ሳይዞሩ።

«መች ሄድንና» አሉና ብቻቸውን ገቡ።